«ሐበሾችን አትንኩ» የሚለው ሐዲስ ሶሒህ ነው? ሺዓዎችስ ሐዲስን በምን ያጣራሉ?

ጥያቄው፦ «አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ። ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። አሠሪዎቼ ሺዓዎች ናቸው። በቤተሰብ ግሩፓችን ‹ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው› የሚል ሐዲስ ደረሰኝ። ከሥሩ ‹ሶሒህ› ይላል። ደስ ብሎኝ ለማዳም ባሳያት ‹ይሄ የእናንተ ኪታብ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም› አለችኝ። ሐዲሱ እውነት ነው? እነሱስ የራሳቸውን ሐዲስ እውነትነት በምን ያውቃሉ? ቡኻሪን ካልተቀበሉ ምን ቀራቸው?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ እህቴ።

መልእክቱ እኔም ጋ ደርሷል፤ ያውም ሦስቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሐዲሱ ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም። «ሶሒህ» (የተረጋገጠ) የሚለው ማኅተም ግን ይበዛበታል። ማዳምሽ ስለ ኪታቡ ያለችው ልክ ነው። የእነሱ ዑለማዎችም እንደኛዎቹ እያንዳንዱን ዘጋቢ በስሙ ይዘው ነው የሚመረምሩት። ሚዛኑ ተቀራራቢ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት ማንን እንደሚያምኑ ላይ ነው።

እኔ ሱኒ ነኝ፤ ሐዲስ የቀራሁትም በሱኒ ዑለማዎች ፊት ነው። የሺዓውን የምነግርሽ ከራሳቸው ኪታቦች ነው። ሺዓ ስልም ከነቢዩ ቤተሰብ የሆኑትን አሥራ ሁለቱን ኢማሞች (መሪዎች) የሚቀበሉትን ማለቴ ነው።

በደረሳነቴ፣ ወሎ ውስጥ፣ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሰው ሰብሰብ ባለበት «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሀገርን መውደድ ከኢማን ነው ብለዋል» አልኩ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሸኻችን ተስቢሃቸውን ሳያቋርጡ «ከማን ሰማኸው?» አሉኝ። የሰማሁበትን ሰው ጠራሁ። «ለእሱስ ማን ነገረው?» ዝም አልኩ። «ከእሱ በላይ ላለውስ?» አሁንም ዝም። «ታዲያ በነቢዩ ስም ለመናገር ምን አደፋፈረህ?» አሉና ወደ ዚክራቸው ተመለሱ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በኋላ ስፈልግ ንግግሩ ሰነድ የለውም። በ650 ሂጅራ (1252 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ሶጋኒ ከፈጠራዎች መድበውታል። አሳቡ መልካም መሆኑ የነቢዩ ቃል አያደርገውም።

የሸኻችን ጥያቄ ነው ይሄ ዒልም የቆመበት። ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። መትን የተነገረው ቃል ነው። ሰነድ ቃሉን እየተቀባበሉ ያደረሱት ሰዎች ናቸው። እኛ በአማርኛ ሰነድ ስንል ወረቀት ነው የሚታየን። በዐረብኛው ሰነድ የሚደገፉበት ነገር ነው፤ በሐዲስ ደግሞ ድጋፉ ሰው ነው። ድሮ ድሮ ሰነድ የሚጠይቅ አልነበረም። በ110 ሂጅራ የሞቱት ኢብኑ ሲሪን እንደነገሩን፣ ፊትናው ሲነሣ ነው «ሰዎቻችሁን ጥሩልን» መባል የተጀመረው። ሙስሊሞች እርስ በርስ ሲጋጩ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚጠቅም ቃል ሊያመጣ ይችላላ!

አሁን የደረሰሽን ሐዲስ እንፍታው። ያለው በአቡ ዳውድ ሱነን ነው። አቡ ዳውድ የሞቱት በ275 ሂጅራ (889 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከነቢዩ ሞት ወደ 260 ዓመት ቆይቶ። ታዲያ ማን ነገራቸው? ሰነዱ እንዲህ ይላል። አቡ ዳውድ ከቃሲም ኢብኑ አሕመድ፣ እሱ ከአቡ ዓሚር፣ እሱ ከዙሀይር ኢብኑ ሙሐመድ፣ እሱ ከሙሳ ኢብኑ ጁበይር፣ እሱ ከአቡ ኡማማ ኢብኑ ሰህል፣ እሱ ከሰሓባው (ከነቢዩ ባልደረባ) ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር፣ እሳቸው ከነቢዩ።

ከላይ እንጀምር። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ከነቢዩ የሰሙትን ይጽፉ የነበሩ ሰሓባ ናቸው። አቡ ኡማማ በነቢዩ ዘመን የተወለደ፣ የታወቀ ሰው ነው። እስከዚህ ችግር የለም።

ዙሀይር ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጣፍጣል። ዙሀይር ከኹራሳን ነው፤ ሻምም (የዛሬዋ ሶሪያና አካባቢዋ) ሒጃዝም (መካና መዲና ያሉበት) ኖሯል። ሻም ሳለ ከቃሉ ሲያስተምር ይሳሳት ነበር። ስለዚህ ኢማሙ ቡኻሪ «የሻም ሰዎች ከእሱ የሚያወሩት የማይታወቅ ነገር አለበት፤ የበስራ ሰዎች የሚያወሩት ግን ደህና ነው» አሉ። አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም የሻሞቹ ዙሀይር ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለት ደርሰዋል። እስኪ አስቢው እህቴ። አንድ ሰው ነው፤ ግን የት ከተማ፣ ለማን እንደተናገረ ተለይቶ ይመዘናል። በእኛ ሐዲስ ከዙሀይር የሰማው አቡ ዓሚር የበስራ ሰው ነው። ስለዚህ ዙሀይርን አለፍነው።

የሚያስቸግረው ሙሳ ኢብኑ ጁበይር ነው። ውሸታም ያለው የለም። «አዎ፣ ይታመናል» ብሎ በግልጽ የመሰከረለትም ከቀደሙት አይገኝም። ኢብኑ ሒባን «ይሳሳታል፣ ከሌሎችም ይለያል» አሉ። በ852 ሂጅራ (1449 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ኢብኑ ሐጀር «መስቱር» አሉት፤ ሁኔታው የተሸፈነ ማለት ነው። ጎረቤትሽ ሰው ልትቀጥር ብትጠይቅሽ «ክፉ አልሰማሁበትም፣ ግን አላውቀውም» እንደምትዪው ነው። በእሱ ብቻ ሶሒህ ማለት አይቻልም።

ሶሒህ ለመባል አምስት ነገር ይፈለጋል። እያንዳንዱ ዘጋቢ ከላይኛው በቀጥታ መስማት አለበት። በሃይማኖቱና በጠባዩ የታመነ መሆን አለበት። የሰማውን ሳያዛባ የሚይዝ መሆን አለበት። ከእሱ የተሻሉት ከተናገሩት ጋር መጣላት የለበትም። በመጨረሻም ላይ ላዩን የማይታይ ስውር እንከን መኖር የለበትም። የመጀመሪያውን እንኳ ሁለቱን ታላላቅ የሶሒህ ኪታቦች ያዘጋጁት ኢማሞች፣ ቡኻሪና ሙስሊም፣ በአንድ ዓይን አላዩትም። ቡኻሪ ሁለቱ ዘጋቢዎች መገናኘታቸው እንዲረጋገጥ ይፈልጋሉ። ሙስሊም አንድ ዘመን ላይ ኖረው መገናኘት ከቻሉ ይበቃቸዋል።

ጽድቅና ጥንቃቄ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሌሊቱን በሶላት የሚያድር፣ ግን የሰማውን የሚያምታታ ሰው ሐዲሱ አይወሰድም። የግብፁ ቃዲ ኢብኑ ለሂዓ ኪታቦቹ ተቃጠሉበት፤ ከዚያ በኋላ ይዘበራረቅበት ጀመር። ዑለማዎች ምን አደረጉ? ከቀድሞ ተማሪዎቹ፣ እንደነ ኢብኑል ሙባረክና ኢብኑ ወህብ ካሉት የመጣውን ከሌላው ለዩት።

ወደ ሐዲስሽ ልመለስ። አቡ ዳውድ ሌላም መንገድ አላቸው፤ በአቡ ሱከይና በኩል የመጣ፣ ስለ ሐበሾችና ስለ ቱርኮች አንድ ላይ የሚናገር። እሱም ብቻውን ጠንካራ አይደለም። ግን በተለያየ መንገድ የመጡ ሁለት ቀለል ያሉ ድክመቶች ሲደጋገፉ ከሶሒህ ዝቅ ብሎ «ሐሰን» (መልካም) ወደሚባለው ደረጃ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሞቱት የሐዲስ ዐሊሙ አልባኒ ሐሰን ያሉትም ለዚህ ነው።

አሁን የምነግርሽን ፎርዋርድ የሚያደርጉት ሰዎች አያውቁትም። ኢማሙ ማሊክ ስለዚህ ቃል ትክክለኛነት ተጠይቀው ነበር። ኢብኑ ሩሽድ እንደጻፉት ማሊክ ሐዲሱን አላጸደቁም፤ «ሰዎች ግን እነሱን ከመውጋት ሲታቀቡ ነው የኖሩት» አሉ። ማሊክ የሞቱት በ179 ሂጅራ (795 እ.ኤ.አ.) ነው፤ አቡ ዳውድ ገና አልተወለዱም። የመዲናው ታላቅ ዐሊም በቃሉ ሰነድ አልረኩም፤ ድርጊቱን ግን ሲደረግ አይተውታል። እኔ ይሄን መልስ ከአሥር የስክሪንሾት ማኅተም አስበልጠዋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። የደረሰሽ ግማሹ ነው። ቀሪው «የካዕባን ድልብ የሚያወጣው ባለ ቀጫጭን ቅልጥሙ ሐበሻ ነውና» ይላል። ይሄኛው ሐበሻ ካዕባን የሚያፈርስ መሆኑ በቡኻሪም በሙስሊምም ከአቡ ሁረይራ ተዘግቧል። ማለትም የሚያኮራን ግማሽ ሰነዱ ሳሳ ያለ ነው፤ የማንለጥፈው ግማሽ ጠንካራ ደጋፊ አለው። ሳቂ እንጂ!

ወደ ማዳምሽ እንሂድ።

«እኛ ዘንድ የለም» ያለችው የአቡ ዳውድ ኪታብ ከእነሱ ኪታቦች ስላልሆነ ነው። የሺዓዎቹ ዋና ዋና ኪታቦች አራት ናቸው። ትልቁ በ329 ሂጅራ (941 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ኩለይኒ ያዘጋጁት አልካፊ ነው፤ በተለመደው ቆጠራ 16,199 ሐዲስ አለው። አንዱ የሶዱቅ፣ ሁለቱ ደግሞ በ460 ሂጅራ የሞቱት የቱሲ ናቸው።

አልካፊ ውስጥ ትሕትና የሚል ምዕራፍ አለ። እዚያ አንድ ሐበሻ እናገኛለን። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ወደ አገራቸው የተሰደዱትን ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብንና ባልደረቦቹን አስጠሩ። ሲገቡ ንጉሡ አቧራ ላይ ተቀምጠዋል፤ የለበሱትም ያረጀ ልብስ ነው። ደነገጡ። ነጃሺ «አይዟችሁ፣ የምሥራች ልነግራችሁ ነው» ብለው ነቢዩ በበድር ጦርነት ያገኙትን ድል አበሠሯቸው። ጀዕፈር «ታዲያ ለምን አፈር ላይ ተቀመጡ?» አሏቸው። ነጃሺም አላህ አዲስ ጸጋ ሲሰጥ ባሪያው ትሕትናውን ማደስ እንዳለበት ለዒሳ በወረደው ውስጥ እናገኛለን ብለው መለሱ።

ሰነዱ ኩለይኒ ከዐሊይ ኢብኑ ኢብራሂም፣ እሱ ከሃሩን ኢብኑ ሙስሊም፣ እሱ ከመስዐዳ ኢብኑ ሶደቃ፣ እሱ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ከሆኑት ከኢማም ጀዕፈር ሷዲቅ ነው። እዚያ ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ጀዕፈር ሷዲቅ የተወለዱት ከበድር በኋላ 80 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ የሞቱት በ148 ሂጅራ (765 እ.ኤ.አ.)። ነጃሺን አላዩም፤ ማን እንደነገራቸውም እዚህ ላይ አልጠቀሱም። አንድ ሱኒ ዐሊም ሰነዱን ሲያይ «የተቆረጠ ነው» ይላል። ኢማም ጀዕፈርን ስለሚጠራጠር አይደለም። እኛም ዘንድ ታማኝ ናቸው፤ ስለ ነቢዩ ሐጅ የሚናገረው ረጅሙ የጃቢር ሐዲስ በሶሒህ ሙስሊም የሚገኘው በእሳቸው በኩል ነው። እዚያ ግን «ከአባቴ፣ እሳቸው ከጃቢር» ብለዋል። ለሺዓው ዐሊም ግን ሰነዱ ሙሉ ነው። ኢማሙ ከስህተት የተጠበቁ ናቸው፤ የሚናገሩትም ከአባቶቻቸው የወረሱትን የነቢዩን ዒልም ነው። ሰነዱ ኢማሙ ጋ ከደረሰ ነቢዩ ጋ ደረሰ። ከሁሉ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

ከኢማሙ በታች ያሉትን ግን እነሱም እንደኛው ያበጥሯቸዋል። መስዐዳ ኢብኑ ሶደቃን እንይ። ቱሲ «ከዓማ ነው» ብለው መዝግበውታል፤ ሺዓ አይደለም ማለታቸው ነው። ሌላው የሰው መዛኝ ደግሞ ስሙንና ኪታቦቹን ጽፈው ይታመናል ወይም አይታመንም ሳይሉ አልፈዋል። ይሄ ሰው መዛኝ ስማቸው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ነጃሺ! በ450 ሂጅራ የሞቱ፣ በሺዓዎች ዘንድ ዘጋቢዎችን በመመዘን ቀዳሚ ተደርገው የሚታዩ ዐሊም ናቸው። ሐበሻ እንዳይመስሉሽ፤ ስሙ ከቅድመ አያታቸው የመጣ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነብ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ስለዚህ መስዐዳ ለእነሱ የእኛው ሙሳ ኢብኑ ጁበይር ነው። ማንም አልረገመውም፤ በስሙ ጠርቶ የመሰከረለትም የለም። በናጀፍ በ1992 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኹኢ በአንድ የቁርኣን ተፍሲር ዘጋቢዎች ላይ የተሰጠ ጥቅል ምስክርነት እሱንም ያካትታል ብለው ተቀበሉት። በጥቅል ምስክርነት የማያምን ዶዒፍ (ደካማ) ይለዋል።

እንበልና ተቀበሉት። ያኔ ሐዲሱ ምን ይባላል? ሶሒህ አይባልም፤ «ሙወሰቅ» ነው የሚባለው። እነሱ ዘንድ ደረጃው አራት ነው። ሶሒህ ማለት ዘጋቢዎቹ ሁሉ ሺዓና ታማኝ ሲሆኑ ነው። ሐሰን ዘጋቢዎቹ ሺዓ ሆነው የተመሰገኑ፣ ግን ታማኝነታቸው በግልጽ ያልተነገረ ሲሆን ነው። ሙወሰቅ ታማኝ፣ ግን የሌላ መዝሀብ ሰው ያለበት ነው። የቀረው ዶዒፍ። ይሄን አከፋፈል ያስፋፉት በ673 ሂጅራ የሞቱት አሕመድ ኢብኑ ጣዉስና ተማሪያቸው ዓሊመቱ አልሒሊ ናቸው። የእኛው ሰዎችም ቃላቱን አስቀድመው ይጠቀሙባቸው ስለነበር አንዳንድ ሺዓዎች «ከሱኒ የተኮረጀ ነው» ብለው ተቃውመውታል። አኽባሪ የሚባሉት ናቸው፤ ዋና መሪያቸው አስተራባዲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነበሩ። ለእነሱ አራቱ ኪታቦች እንዳሉ ትክክል ናቸው። ኡሱሊዎቹ ደግሞ አይሆንም፣ አንድ በአንድ ይፈተሽ አሉ። ክርክሩን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከርበላ ላይ ኡሱሊዎቹ አሸነፉ። ዛሬ አብዛኛው ሺዓ ኡሱሊ ነው።

«ቡኻሪን ካልተቀበሉ ምን ቀራቸው?» ላልሽው መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ጥያቄው ራሱ የሱኒ ጥያቄ ነው፤ እነሱ ዘንድ ቡኻሪን የሚተካ ኪታብ ይኖራል ብለሽ ስለገመትሽ። ኡሱሊዎቹ ዘንድ ከሽፋን እስከ ሽፋን ሶሒህ የሚባል የሐዲስ ኪታብ የለም። አልካፊን በአራቱ ደረጃ ሲመዝኑት ከ9,000 በላይ የሚሆነው ዶዒፍ ይወጣል፤ ይሄ የራሳቸው ቆጠራ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ቁጥሩን ለስድብ ሲጠቀሙበት አያለሁ፤ አያምርም። ኪታባቸውን እንደፈተሹ ነው የሚያሳየው። ዶዒፍ ደግሞ ውሸት ማለት አይደለም፤ አልተረጋገጠም ማለት ነው። እኛም ብንሆን ቡኻሪና ሙስሊም ላይ ያለንን እምነት አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ ላይ አናደርግም። ሁለቱን ሶሒሖች እንኳ ዳረቁጥኒ መርምረው በበርካታ ሰነዶች ላይ ጥያቄ አንሥተዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ልዩነት ሰሓቦች ናቸው። ለሱኒ ምርመራው ሰሓባው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሰሓባ ይረሳ ይሆናል እንጂ በነቢዩ ላይ አይዋሽም። ለሺዓ ሰሓባም እንደማንኛውም ሰው ይመዘናል። ሰልማንን፣ አቡ ዘርን፣ ሚቅዳድን፣ ዐማርን ከፍ ያደርጋሉ። አቡ ሁረይራን አይቀበሉም። አቡ ሁረይራ በአንድ የታወቀ ቆጠራ 5,374 ሐዲስ ያወሩ ናቸው። እሳቸውን ስታወጪ ከሱኒ ኪታቦች ምን ያህሉ እንደሚሄድ አስቢው።

ግን ግድግዳው ቀዳዳ የለውም አይባልም። አባን ኢብኑ ተግሊብ የሚባል የኩፋ ሰው ነበር። ለሺዓዎች ከኢማሞቹ ታላላቅ ተማሪዎች አንዱ ነው። ሙስሊም ደግሞ በሶሒሓቸው ከእሱ ዘግበዋል። የሱኒው ዐሊም ዘሀቢ ስለ አባን ሲጽፉ «ጠንካራ ሺዓ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው፤ እውነቱ ለእኛ፣ ቢድዓው (የተሳሳተ እምነቱ) ለራሱ» አሉ። የእነሱ «ሙወሰቅ» በተቃራኒው በኩል ያንኑ ይላል። መዝሀብሽን አልወደውም፤ ቃልሽን ግን አምናለሁ።

ለሥልጣን የሚዋሽ ደግሞ የትም አይጠፋም። ኸሊፋው መህዲ ርግብ ያረቡ ነበር። ጊያስ ኢብኑ ኢብራሂም የሚባል ሰው ገባና በቀስት፣ በግመልና በፈረስ ካልሆነ ውድድር የለም የሚለውን ሐዲስ ሲናገር «ወይም በክንፍ» ብሎ ጨመረበት። ኸሊፋው ሸለሙት። ጀርባውን ሲያዞር ግን «ይሄ የውሸታም ማጅራት ነው» አሉ፤ ርግቢቱንም አሳረዱ። ምስኪኗ ምን አጠፋች?

ሁልጊዜ ጠቡ ሰነድ ላይ እንዳይመስልሽም። «እኔ መውላው ለሆንኩለት ዐሊይ መውላው ነው» የሚለውን ሁለቱም ወገን ይዘግበዋል። ዘሀቢን የመሰሉ የእኛ ዑለማዎች በብዙ መንገድ የመጣ መሆኑን አረጋግጠዋል። ክርክሩ «መውላ» ወዳጅ ነው ወይስ መሪ የሚለው ላይ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ መትኑ ራሱ ይለያያል። «ሁለት ነገር ትቼላችኋለሁ» የሚለውን ውሰጂ። ብዙ ሱኒ የሚያውቀው «የአላህን ኪታብና ሱናዬን» የሚለውን ነው። በሶሒህ ሙስሊም ከዘይድ ኢብኑ አርቀም የመጣው ግን የአላህን ኪታብና የነቢዩን ቤተሰብ ነው የሚጠቅሰው። «ሱናዬን» የሚለው በማሊክ ኪታብ፣ በሙወጣእ ውስጥ፣ ሰነድ ሳይጠቀስለት ነው የሚገኘው፤ ሌሎች ሰነድ አምጥተውለታል፣ ጥንካሬው ላይ ግን ዑለማዎች አልተስማሙም። ማዳምሽ አንድ ቀን ይሄን ብታነሣብሽ እንዳትደነግጪ።

ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለሽ መልሺላቸው፦ «አቡ ዳውድ ዘግበውታል፤ አንዳንድ ዑለማዎች ሐሰን ብለውታል፤ ሰነዱ ውስጥ ሁኔታው በደንብ ያልታወቀ ሰው አለ።» «ሶሒህ» የሚለውን አንሺው። ቀሪውን ግማሽ ጨምሪበት አልልሽም፤ ቤተሰብ ነው፣ ሊያኮርፉሽ ይችላሉ። ግን ከጠየቁሽ አትደብቂ።

ማዳምን ደግሞ ቤት ውስጥ አልካፊ ካለ የትሕትናውን ምዕራፍ እንድትከፍትልሽ ጠይቂያት። አቧራው ላይ የተቀመጡት ንጉሥ የአገርሽ ሰው ናቸው። መስዐዳ ስለሚባለው ሰው ምን እንደምትልሽ ጻፊልኝ።